ቦቶክስ የጡንቻ መድኃኒት ነው፤ በቅንድብ መካከል ስላሉ መስመሮች ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «43 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቅንድቦቼ መካከል ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ስላሉ ሰው ሁሉ ‹ምነው፣ ምን አስቆጣሽ?› ይለኛል። ጥር 17 የወንድሜ ሰርግ ስላለ አዲስ አበባ እሄዳለሁና ቦቶክስ ልወጋ አሰብኩ። አንዲት የማውቃት ሴት ቤቷ ‹ሙሉ ፊት› በ80 ዶላር ትሠራለች። እናቴ ግን ‹መርዝ ነው፤ ከጀመርሽው ማቆም የለም፤ ስታቆሚ ፊትሽ ይወድቃል› ትላለች። ጓደኛዬም ከንፈሯን ተወግታ ክፉኛ አብጦባት ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ምላሽ፦ እናትዎ «መርዝ ነው» ማለታቸው ስህተት አይደለም። ቦቶክስ የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ ነው። ቤት ውስጥ በደንብ ሳይበስል በታሸገ ምግብ ውስጥ ሲፈጠር ሰውን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ የሚያሳጣውም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። በቅንድብ መካከል ላለው መስመር ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት (ዩኒት የመድኃኒቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ነው። በክብደት ሲታሰብ 1 ናኖግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ መሆኑ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ለሚያመው የማይግሬን ታማሚ በአንድ ቀጠሮ 155 ዩኒት፣ 31 ቦታ ላይ ይወጋል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ የጸደቀ ሕክምና ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ የመጣውም ለቁንጅና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ ለተንሸዋረረ ዐይንና ያለፈቃድ ለሚጨፈን የዐይን ቆብ ነበር። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች ጂን እና አላስቴር ካራዘርስ፣ ለዐይን ቆብ የተወጉ ታማሚዎች የቅንድባቸው መካከል እየለሰለሰ መሆኑን ተመልክተው በ1992 ጻፉበት። ለመስመሩ የጸደቀው ደግሞ በ2002 ነው። ስለዚህ በትክክለኛ መጠን፣ በሠለጠነ እጅ የሚሰጠውን መርፌ መርዝ ስለሆነ ብቻ አይፍሩት። መፍራት ያለብዎት ብልቃጡ ውስጥ ስንት ዩኒት እንዳለ የማይታወቀውን ነው፤ ወደ 80 ዶላሩ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሰው ስለዚህ መርፌ ከሚሳሳተው አብዛኛው የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ ቦቶክስን ቆዳን የሚያለሰልስ ነገር አድርጎ ከማሰብ። ቦቶክስ ቆዳውን አይነካውም፤ የሚሠራው ጡንቻ ላይ ነው። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዝዘው አሲታይልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በመልቀቅ ነው። መርዙ የነርቩ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ይህን የሚያስለቅቀውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ትእዛዙ ስለማይደርስ ጡንቻው ያርፋል፤ ላዩ ላይ ያለው ቆዳም መታጠፉን ያቆማል። ነርቩ ራሱ አይሞትም። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሥራውን መልሶ ይጀምራል፤ በ3 ወይም በ4 ወር ጡንቻው እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ከዚህ ተነሥተው መስታወት ፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። መስኮት አጠገብ ብርሃን ከጎን እየመጣ ይቁሙና በደንብ ይኮሳተሩ። ከዚያ ፊትዎን ሙሉ በሙሉ ፈታ አድርገው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ሲኮሳተሩ የሚወጣው፣ ሲፈቱት ደግሞ የሚጠፋው መስመር የጡንቻ ሥራ ስለሆነ በቦቶክስ በደንብ ይለቃል። ፊትዎ ፈታ ብሎም የማይጠፋው፣ በጣትዎ ቆዳውን ወደ ግራና ቀኝ ሲወጥሩት ብቻ የሚለሰልሰው ግን ብዙ ዓመት ታጥፎ የተቀረጸ መስመር ነው። እሱ ይቀላል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ታጥፎ የቆየ ነጠላ ቢዘረጉትም ማጠፊያው ወዲያው እንደማይጠፋ ማለት ነው። ተኩሱን የሚሠራው ጊዜው ነው፤ ጡንቻው በተደጋጋሚ ሲያርፍ መስመሩ ከዙር ወደ ዙር እየሳሳ ይሄዳል። «ተወግቼ አልሠራልኝም» ብሎ ከሚያዝነው ሰው ብዙው ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ገንዘቡን የከፈለ ነው።

ከጉንጭ ወደ አገጭ የወረደ ቆዳ፣ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ጫፍ የሚወርደው እጥፋት፣ በፀሐይ የመጡ ጠቃጠቆዎች፣ ማድያትም የዚህ መርፌ ሥራ አይደሉም። እዚህ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ የሚታይ አንድ ችግር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፊት ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፤ ደም ሥሩ ይታያል፤ ወረቀት የመሰለ ጥቃቅን ሽብሽብ ይመጣል። ያንን ሽብሽብ ቦቶክስ አያስተካክለውም። እንዲህ ያለ ቅባት እየተጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ያሳዩት፤ ድንገት ማቆሙም ቆዳውን ክፉኛ ሊያስቆጣው ስለሚችል አቋቋሙን በምክር ያድርጉት። በብልቃጥ የሚሸጡትን «ቦቶክስ የመሰለ» ቅባቶች በተመለከተ፣ መርዙ ትልቅ ፕሮቲን በመሆኑ በቅባት ተቀብቶ ጤናማ ቆዳን አልፎ ጡንቻ ድረስ አይደርስም። ቅባቱ ቆዳ ያረጥብ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም።

«ስታቆሚ ፊትሽ ይወድቃል» የሚለውን እንይ። ካቆሙ ጡንቻው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ መስመሩም አብሮት። ከነበረው አይብስም። ታዲያ ሰው ለምን የባሰ ይመስለዋል? አራት ወር ለስላሳ ግንባር ለምዶ ስለሚያየው ነው። ከመወጋትዎ በፊት አንድ ፎቶ ተኮሳትረው፣ አንድ ፎቶ ፈታ ብለው፣ በአንድ ብርሃን ይነሡ፤ ከአምስት ወር በኋላ ያወዳድሩት። ሰውነት እንደ ሱስ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ሰው የሚደግመው መልኩን ስለወደደው ነው። በየወሩ መደገምም ስህተት ነው። በመመሪያው ከ3 ወር ባነሰ ጊዜ አይደገምም፤ እያጠጋጉና መጠን እየጨመሩ መወጋት ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል አምርቶ መድኃኒቱ እንዳይሠራ የማድረጉን ዕድል ይጨምራል።

ፊት እንደ ጭምብል ድርቅ የሚለውስ? ይህ የመድኃኒቱ ባሕርይ ሳይሆን የመጠንና የቦታ ምርጫ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ስለ ሁለቱ መስመሮች ብቻ ነው። የሚያኮሳትሩት ጡንቻዎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ በአፍንጫ ሥር መካከል ላይ ያለውና ቅንድብን ወደ ታች የሚጎትተው፣ ሁለቱ ደግሞ በግራና ቀኝ ከቅንድብ በላይ ተኝተው ቅንድቦችን ወደ መካከል የሚያቀራርቡት። የተለመደው አወጋግ አምስት ነጥብ ነው፤ አንዱ መካከል፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ እያንዳንዱ 4 ዩኒት፣ በድምሩ 20። ይህ ብቻ ሲሠራ ግንባርዎ ይንቀሳቀሳል፤ መደነቅም መሳቅም ይችላሉ፤ መኮሳተር ብቻ ያቅትዎታል። ወንዶች ጡንቻቸው ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋሉ።

ችግር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ግንባር ሲጨመር ነው። ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሣ ጡንቻ በግንባር ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። የዐይን ቆቡ ከበድ ያለ ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ በዚህ ጡንቻ ቅንድቡን ደግፎ ይውላል፤ የግንባሩ አግድም መስመሮችም የሚበዙት ለዚህ ነው። መስመሮቹን ለማጥፋት ጡንቻው በብዙ ሲወጋ ድጋፉ ይነሣና ቅንድቡ ዐይን ላይ ይወርዳል። ባለሙያው ዐይንዎን አስጨፍኖ፣ ቅንድብዎን በእጁ ይዞ፣ ከዚያ ዐይንዎን እንዲገልጡ ካደረገ ይህን እየፈተሸ ነው፤ ደስ ይበልዎት። ግንባር ሲወጋ ከቅንድብ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ማለት፣ ቅንድብ የሚጎትቱትንም ጡንቻዎች አብሮ መወጋት የሚመከረው ለዚሁ ነው። የግንባሩ መካከል ብቻ ተወግቶ ዳሩ ሲረሳ ደግሞ የቅንድቡ ጫፍ ወደ ላይ ይሰቀልና የተቆጣ መልክ ይሰጣል፤ ይህ ግን በ1 ወይም 2 ዩኒት ዳሩ ላይ በመጨመር ይስተካከላል።

ሰው አብዝቶ የሚፈራው የዐይን ቆብ መውደቅ ሌላ ነገር ነው። መርፌው ከቅንድብ አጥንት በጣም ተጠግቶ ሲወጋ መድኃኒቱ ወደ ታች ሰርጎ የዐይን ቆብን የሚያነሣውን ጡንቻ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ከአጥንቱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር በላይ መሆን ያለበት። መድኃኒቱ ለመጽደቅ በተደረጉት ሙከራዎች 100 ሰው ቢወጋ 3 ያህሉ ላይ ታይቷል፤ በለመደ እጅ ከዚያ ያንሳል። ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይታያል፤ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። እስኪለቅ አፕራክሎኒዲን የተባለ የዐይን ጠብታ ቆቡን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከፍ ስለሚያደርገው ሐኪም ያዝዘዋል። ቦቶክስን ራሱን አፍርሶ የሚያወጣ ማርከሻ የለም። በማሸት፣ በሙቅ ውኃ ወይም በማስቲካ አይወጣም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

ይህ ወደ ጓደኛዎ ከንፈር ይወስደናል። ከንፈር ለማሞላት የሚወጋው ቦቶክስ ሳይሆን ፊለር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ጄል። ሁለቱን ሰው አንድ አድርጎ ስለሚጠራቸው የአንዱ ጥፋት ለሌላው ይቆጠራል። ፊለር ቦታ ይሞላል፤ ወዲያው ይታያል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ማርከሻም አለው፤ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ጄሉን ያቀልጠዋል። ትልቁ አደጋው ግን ከቦቶክስ የከፋ ነው፤ ጄሉ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊያሞት፣ ወደ ዐይን የሚሄደውን ደም ዘግቶም ሊያሳውር ይችላል። ጓደኛዎ ዳግም ፊለር ካስወጉና ቆዳው ወዲያው ከነጣ፣ የመረብ ቅርጽ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም ካመጣ፣ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ «እብጠት ነው፣ ይወርዳል» ብሎ ማደር አይገባም።

አሁን ወደ 80 ዶላሩ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ቦቶክስ በዩኒት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ 80 ዶላር ከ4 እስከ 8 ዩኒት ይገዛል፤ ለእርስዎ ሁለት መስመሮች እንኳ ግማሹ አይሞላም። «ሙሉ ፊት» ማለት በቅንድብ መካከል፣ ግንባርና የዐይን ዳር ከሆነ በጸደቀው መጠን 64 ዩኒት ነው። ሒሳቡ ካልገጠመ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወይ ውኃ የበዛበት ነው፣ ወይ ቦቶክስ አይደለም።

ውኃ መብዛቱ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎት። እውነተኛው ብልቃጥ ሲመጣ ባዶ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ከታች እንደ ስስ ብናኝ ተጣብቆ የደረቀ ነው። 100 ዩኒት ያለበትን ብልቃጥ ባለሙያው መከላከያ ኬሚካል በሌለው 2.5 ሚሊሊትር የጨው ውኃ ያሟሟዋል፤ 0.1 ሚሊሊትሩ 4 ዩኒት ይሆናል። መርፌው የጎማውን ክዳን ሲወጋ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አየር አልባ ክፍተት ውኃውን በራሱ ይስበዋል፤ ካልሳበ ያ ብልቃጥ ይጣላል እንጂ አይወጋበትም። አንድ ሰው በዚያው ብልቃጥ ላይ 5 ሚሊሊትር ቢጨምር ግን 0.1 ሚሊሊትሩ 2 ዩኒት ብቻ ነው። እርስዎ አምስት ጊዜ ተወግተው፣ የመርፌውም ፈሳሽ ያው መስሎ፣ የሚያገኙት 10 ዩኒት ነው። በሁለት ወር አልቆ «ሰውነቴ አይቀበለውም» ይላሉ። ውኃ አብዝቶ ማሟሟት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አንዳንድ ባለሙያ ሆን ብሎ ያደርገዋል። ጥፋቱ ዩኒቱን አለመናገር ነው። ስለዚህ «ስንት ሲሲ?» ወይም «ስንት መርፌ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ስንት ዩኒት፣ የየትኛው ምርት?» ይበሉ። የምርቱ ስም የሚያስፈልገው ዩኒቶቹ ስለማይለዋወጡ ነው፤ ለዚሁ ቦታ የቦቶክስ 20 ሲሆን፣ ከዚያው መርዝ የሚሠራው ሌላ ምርት የዲስፖርት 50 ነው፤ 50 ሰጡኝ ብለው ብዙ አገኘሁ አይበሉ። ዲስፖርት የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ እንዲህ ያለ አለርጂ ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ።

የባሰው ግን ሐሰተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሐሰተኛ ቦቶክስ በተለያዩ ግዛቶች መገኘቱን፣ ከተወጉትም ሰዎች አንዳንዶቹ ሆስፒታል መግባታቸውን አስታውቀዋል። አብዛኞቹ የተወጉት ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም ከጤና ተቋም ውጭ፣ ቤትና ስፓ ውስጥ ነበር። ሐሰተኛው ካርቶን ከተለየባቸው ምልክቶች አንዱ «150 ዩኒት» መባሉ ነው፤ ቦቶክስ በ50፣ በ100 እና በ200 እንጂ በ150 አይመረትም። ሌላው የመድኃኒቱ ስም ነው፤ በእውነተኛው ላይ «ኦናቦቱሊነምቶክሲንኤ» ተብሎ ሲጻፍ በሐሰተኛው ላይ «ቦቱሊነም ቶክሲን ታይፕ ኤ» ተብሏል። ካርቶኑና ብልቃጡ ፊትዎ እንዲከፈት መጠየቅ ነውር አይደለም። ጨዋ ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያል፤ የምርት ቁጥሩንም ፋይልዎ ላይ ይጽፋል። ወዳጅነትዎን ለማክበር ሲሉ ሳይጠይቁ አይቀመጡ። ብልቃጡ በማቀዝቀዣ መቀመጥ ስላለበት፣ ከአገር አገር በሻንጣ የሚዞር «ርካሽ ቦቶክስ» አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ቢቀርብልዎት መልሱ ያው ነው።

በየትም ተወጉ በየት፣ ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ መዋጥ ካቃተዎት፣ ድምፅዎ ከተለወጠ፣ ሁለት ሁለት ከታየዎት፣ ሰውነትዎ ከዛለ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት መድኃኒቱ ከቦታው ርቆ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ አሜሪካ ከሆኑ 911 ይደውሉ፣ ሌላ አገር ከሆኑ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቦቶክስ መወጋትዎንም ይናገሩ። እንዲህ ላለው መመረዝ የሚሰጥ ሴረም አለ፤ በቶሎ ሲሰጥ ሽባነቱ እንዳይጨምር ያደርጋል፤ የደረሰውን ግን አይመልስም።

እርጉዝ ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆነ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ካለብዎት፣ ወይም የሚወጋው ቦታ ቁስል ካለው ይተውት። ጄንታማይሲንን የመሰለ አንቲባዮቲክ እየተወጉ ከሆነ ይናገሩ፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ይጨምራል። አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢ ደም ስለሚያቀጥኑ ለጥቂት ቀን ቢያቆሙ የመበለዙ ዕድል ይቀንሳል። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ካለ ግን ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አያቁሙ፤ ትንሽ በለዝ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አይወዳደርም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በለዝ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ምልክት ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ደም ካዠ ሳያሹ በጨርቅ ይጫኑት፤ ከዚያም 30 እና ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ። ቆዳዎ ጥቁር መሆኑ መጠኑን አይለውጥም፤ የሚለውጠው የጡንቻው ውፍረት ነው።

በተወጉበት ቀን ቦታውን አይሹ፤ ለ4 ሰዓት ያህል አይተኙ፣ ጎንበስ ብለው አይሥሩ፤ ስፖርትና ሳውና ለነገ ይቆዩ። ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም ምንም አያስከፍልም። ሻሽ ግንባር ላይ አጥብቆ ማሰርም ለዚያ ቀን ይቅር። ሹሩባ የሚሠሩ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ይጨርሱት።

ቀጠሮውን እንዲህ ይቁጠሩት። ለውጡ ከ1 እስከ 3 ቀን ይጀምራል፤ ሙሉ የሚሆነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰርጉ ጥር 17 ከሆነ ታኅሣሥ 19 አካባቢ ይወጉ። ጥር 3 ላይ ተመልሰው ይታዩ፤ ከጎደለ ለዚያው ዙር ማሟያ የሚሆን በዚያ ቀን ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት «ገና አልሠራም» ብሎ መጨመር ነው ብዙውን ጊዜ ፊት የሚያደርቀው። የዐይን ቆብ ቢወድቅም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሚታይ፣ ሳይበሩ በፊት ጠብታውን ይዘው ይሄዳሉ። የዘንድሮው የመጀመሪያዎ ስለሆነ ግንባርንና የዐይን ዳርን ለሌላ ጊዜ ትተው ሁለቱን መስመሮች ብቻ፣ በ20 ዩኒት፣ በሜሪላንድ ፈቃድ ባለው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ያስወጉ። የተወጉበትን ምርት፣ ዩኒቱንና ነጥቦቹን የሚያሳየውን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ባለሙያ ቢለውጡ እንኳ አዲሱ ሰው ከዚያ ወረቀት ይነሣል።